ክረምትን ማሸነፍ ከፋርማሲ አይጀምርም

በሐምሌና በነሐሴ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት በሱሉልታ መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ነገር የታወቀ ነው። እንጦጦን ያለበሰው ጉም ገና አልተነሳም። ሜዳው ረግረግ ሆኗል። ከጉሙ ውስጥ ኮፍያ ያጠለቁ፣ ቱታቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆነ ወጣቶች ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። ፊት ያለው ፍጥነቱን ይመራል፤ ሌሎቹ እግር በእግር ይከተሉታል። ዝናብ ቢጥልም ልምምዱ አይቀርም። በሰበታ አስፋልትም ሆነ በቡራዩ ዳገት ያለው ትዕይንት ከዚህ ብዙም አይለይም።

ታዲያ በሰልፉ መሀል አንዱ ይስላል። ሌላው አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል። ሦስተኛው ጭራሽ አልመጣም፤ ራሱን አሞት ተኝቷል። ሁሉም ሯጭ የሚያውቀው ንግግር የሚጀመረውም እዚህ ላይ ነው።

«ኮች፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል።»

«ጉንፋን ደግሞ ምን አላት? ላብ ሲወጣህ ትለቅሃለች። በል ሰልፍ ግባ!»

ላብ ይወጣዋል፤ ጉንፋኗ ግን አትለቀውም። ሦስት ቀን የነበረው ሳምንት፣ ሳምንቱ ሁለት ሳምንት ይሆናል። ልጁ በስንት መከራ ያመጣው «ኮንዲሽን» ይወርዳል። ያን ጊዜ ሩጫው ወደ ፋርማሲ ይሆናል። የቫይታሚን ጠርሙስ፣ መርፌ፣ ግሉኮስ፣ ጓደኛ የሰጠው ስሙ የማይታወቅ ክኒን፣ ብቻ የተገኘው ሁሉ ይሞከራል።

የአትሌቱን ሰውነት በክረምት ከበሽታ የሚጠብቀው ነገር ግን በአመዛኙ ፋርማሲ ውስጥ የለም። ያለው በመኝታው፣ በሳህኑ፣ በጫማውና በአሰልጣኙ ደብተር ላይ ነው። እነዚህ ነገሮች የተፈጥሮ ናቸው ተብለው እንደ ነፃ መታየታቸው ነው ስህተቱ። ለድሃ ሯጭ እንቅልፍም፣ ደረቅ ካልሲም፣ ከልምምድ በኋላ የሚበላ ትኩስ ምግብም ዋጋ አላቸው። ያንን ዋጋ ደግሞ ልጁ ብቻውን ሊከፍለው አይገባም።

የዓለም መድረክና የኢትዮጵያ ክረምት

ለተራው ሰው ጉንፋን ማለት ሁለት ቀን በጋቢ ተጠቅልሎ ሻይ መጠጣት ነው። ለሯጭ ግን ጉዳዩ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። አውሮፓውያን በጋችን ብለው ትልልቅ ውድድሮችን የሚያዘጋጁበት ወቅት ለኢትዮጵያ ክረምት ነው። የቶኪዮ ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ አትሌቶች ማጣሪያ በሄንግሎ፣ ሆላንድ የተካሄደው ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። የዩጂኑ የዓለም ሻምፒዮና ሐምሌ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀመረ። የቡዳፔስቱ ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ተከፈተ። ታምራት ቶላ የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በአዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ያሸነፈው ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ተጀመረ።

ይህ ምን ማለት ነው? አትሌቱ የዓመቱን ከባድ ልምምድ የሚሠራው ዝናቡ በሚበረታባቸው ሳምንታት ነው ማለት ነው። ልምምዱ ሲከብድ ሰውነት ይደክማል፤ ሰውነት ሲደክም ጉንፋኑም፣ ዝናቡም፣ ቅዝቃዜውም አንድ ላይ ይመጣሉ። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ይበልጣል። ሰበታና ቡራዩም ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ናቸው። ይህ ከፍታ ሳንባን የሚያጠነክር ሀብት ሆኖ፣ የውጭ አገር ሯጮች ሳይቀሩ ሱሉልታ ድረስ እየመጡ ይለማመዱበታል። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ የሠራው፣ ያያ አፍሪካ አትሌቲክስ ቪሌጅ የተገነባውም እዚያው ሱሉልታ ነው። ከፍታው ግን ብርዱንም ጨምሮ ነው የሚሰጠው።

ሕመም ስም አይመርጥም። ገንዘቤ ዲባባ በ2007 ዓ.ም. ሞናኮ ላይ 1 ሺህ 500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ከ7 መቶኛ ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረች አትሌት ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ በለንደኑ የዓለም ሻምፒዮና ግን በዚያው ርቀት ፍጻሜ የመጨረሻ ሆና ገባች፤ ከ5 ሺህ ሜትሩም በሕመም ምክንያት ቀረች። በዚያው ሻምፒዮና አትሌቶች ባረፉበት ሆቴል የሆድ በሽታ ተነስቶ ነበር። የቦትስዋናው አይዛክ ማክዋላ ለ400 ሜትር ፍጻሜ ካለፈ በኋላ ለ48 ሰዓት ተለይቶ እንዲቆይ ተወስኖበት ወደ ስታዲየሙ እንዳይገባ ተከልክሏል። ዓመታት የተለፋበት ዕድል በአንድ ቀን ትውከት ሲበላሽ ማለት ይኸው ነው። ገንዘቤና ማክዋላ በስማቸው የሚጠብቃቸው ሌላ ውድድር ነበራቸው። በሰበታ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የመጀመሪያ ማጣሪያውን ለሚጠብቅ ልጅስ? እሱ ከቀረ የሚያስታውሰው የለም።

ሩጫው ነው ወይስ አኗኗሩ?

ስፖርት ጤና ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ልከኛ እንቅስቃሴ የሚያደርግ ሰው ጭራሽ ከማይንቀሳቀሰው ያነሰ ጉንፋን ይይዘዋል። ነገሩ የሚለወጠው መጠኑ ሲበዛ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነውን የቱ ኦሽንስ ውድድር የሮጡ ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሯጮቹ 33 በመቶዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ የጉንፋን ዓይነት ሕመም ሲታይባቸው፣ ካልሮጡት የታየባቸው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። በ1987 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ማራቶን አሜሪካዊው ዴቪድ ኒማን ከ2 ሺህ 300 በላይ ሯጮችን ጠይቆ ያገኘውም ተመሳሳይ ነው። ማራቶኑን ከሮጡት 12.9 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ሳምንት ውስጥ ታመዋል። እኩል ልምድ ኖሯቸው በዚያ ቀን ካልሮጡት ግን የታመሙት 2.2 በመቶ ናቸው። በሳምንት ከ96 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጡት፣ ከ32 ኪሎ ሜትር በታች ከሚሮጡት ይልቅ የመታመም ዕድላቸው እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። የሱሉልታ ሯጮች በሳምንት ከ96 ኪሎ ሜትር ስንት እጥፍ እንደሚሮጡ መገመት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ክርክር ተነሳ። በ2018 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች «ሩጫው ራሱ የሰውነትን መከላከያ አያፈርስም» የሚል ጽሑፍ አቀረቡ። በእነሱ አባባል ሯጩን የሚያሳምመው በውድድር ቀን ከሕዝብ ጋር መጋፋቱ፣ የአውሮፕላን ጉዞው፣ የእንቅልፍ እጦቱ፣ ጭንቀቱና አመጋገቡ ነው። ክርክሩ ለሳይንቲስቶች ይቆይ። ለሰበታና ለቡራዩ ሯጭ ግን ከሁለቱም ወገን የሚገኘው ምክር አንድ ነው። ሩጫውን መተው አይቻልም፤ እንጀራ ነው። ሊስተካከል የሚችለው በሩጫው ዙሪያ ያለው ኑሮ ነው።

እንቅልፍ ከሁሉም ይቀድማል

ከኑሮው ሁሉ መጀመሪያ የሚነሳው እንቅልፍ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 164 ጤነኛ ሰዎች የእንቅልፋቸው መጠን እጃቸው ላይ በታሰረ መሣሪያ ከተለካ በኋላ የጉንፋን ቫይረስ በአፍንጫቸው ተደረገ። በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የተኙት፣ ከ7 ሰዓት በላይ ከተኙት ይልቅ በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከ4 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ቫይረሱን በአፍንጫቸው ቀምሰዋል፤ የለያቸው እንቅልፍ ነው። እንዲህ ዓይነት ለውጥ አመጣለሁ ብሎ በማስረጃ የሚፎክር ክኒን እስካሁን አልተገኘም።

የከተሞቹ ሯጭ ግን እንዴት ይተኛ? ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል። አንዱ ስልኩን ከፍቶ የአውሮፓ ኳስ ያያል፤ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ውጤት ላይ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደግሞ መነሳት ግድ ነው። አንዳንዱ ቀን ቀን የጉልበት ሥራ ወይም የጥበቃ ሥራ አለበት። ይህ ልጅ በሐኪም ዓይን ሲታይ መድኃኒት ሳይሆን ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ነው የጎደለው። ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት መተኛትን እንደ ስንፍና የሚያይ ካለ፣ የአትሌት ሥራ ግማሹ መተኛት መሆኑን ገና አልሰማም ማለት ነው።

ብርድ ነው የሚያሳምመው?

«ብርድ መታኝ» የማይል አበሻ የለም። ሐኪሞች ሲያስረዱ ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል እንጂ ከዝናብ አይወርድም ይላሉ። ትክክል ነው። ክረምት ላይ ጉንፋን የሚበዛውም ሰው በር ዘግቶ፣ ታክሲ ውስጥ መስኮት ገጥሞ፣ ተጠጋግቶ ስለሚኖር ነው።

የእናቶች አባባልም ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም ማለት ግን አይቻልም። በ2005 እ.ኤ.አ. በዌልስ ካርዲፍ ከተማ 90 ሰዎች ባዶ እግራቸውን ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዲያስገቡ ተደረገ፤ ሌሎች 90 ሰዎች እግራቸውን ባዶ ሳፋ ውስጥ አኖሩ። በቀጣዮቹ አራት አምስት ቀናት ከቀዘቀዙት 13ቱ፣ ካልቀዘቀዙት ደግሞ 5ቱ ጉንፋን ያዘን አሉ። ተመራማሪዎቹ የገመቱት ቅዝቃዜው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የነበረውን ቫይረስ ዕድል ይሰጠዋል ብለው ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በሰዎቹ ቃል ላይም የተመሠረተ ነው። ቢሆንም የሱሉልታን ረግረግ ለሚረግጥ፣ ጫማው ውሃ ጠጥቶ ለአንድ ሰዓት ተኩል ለሚሮጥ፣ ከዚያ በዚያው ጫማ መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ ለሚጠብቅ ልጅ ትልቅ ትርጉም አለው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በፌስታል የተጠቀለለ ደረቅ ካልሲ፣ ደረቅ ሹራብና ኮፍያ ይዞ መውጣት፤ ልምምዱ እንዳለቀ ወሬ ሳይጀመር መቀየር። ይህን የሚያደርግ ሯጭ አለ። ብዙዎቹ ግን ሁለተኛ ጫማም፣ ሁለተኛ ቱታም የላቸውም። ያቺው አንዷ ቱታ ማታ ታጥባ በጠዋት እርጥቧን ትለበሳለች። እዚህ ላይ ሌላ አደጋ ይመጣል። ልብስና ጫማ ለማድረቅ ሲባል በተዘጋች ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት። የከሰል ጭስ ሳንባን ይጎዳል፤ ጭሱ የማይታየው ጋዝ ደግሞ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ጉንፋንን ሲሸሹ ሞትን መጋበዝ እንዳይሆን ከሰሉ ከመኝታ በፊት ከቤት መውጣት አለበት።

ፌጦ፣ ዳማከሴና ብርቱካን

እንግዲህ ወደ ባህላዊው መድኃኒት እንምጣ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ክረምት ሲገባ ፌጦው ይወቀጣል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከማር ይደባለቃል፣ ዝንጅብሉ ይፈላል፣ ጤና አዳሙ ቡና ላይ ይደረጋል፣ ምች ለመታው ዳማከሴ ይታሻል። የሩቅ አገር ጠርሙስ ከማመን የናትን እጅ ማመን የሚመረጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ማር ሳልን እንደሚያስታግስ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አረጋግጧል፤ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ብቻ አይሰጥም። ነጭ ሽንኩርትን በተመለከተ 146 ሰዎች ለ12 ሳምንት የተከታተሉት አንድ ጥናት አለ። የነጭ ሽንኩርት ክኒን የወሰዱት 24 ጊዜ፣ ያልወሰዱት 65 ጊዜ ጉንፋን ይዟቸዋል። ጥሩ ውጤት ነው፤ ግን አንድ ጥናት ብቻ ስለሆነ ሊቃውንቱ እርግጠኛ ሆነው አይናገሩም። ትኩስ የዝንጅብል ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ሰውነት ያጣውንም ውሃ ይመልሳል።

ችግሩ የሚመጣው ፌጦው ከመከላከያነት ወደ ሰበብነት ሲለወጥ ነው። «ፌጦ ወስጃለሁ፣ እሮጣለሁ» ብሎ ትኩሳት ይዞ 35 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ልጅ ባህሉንም አላከበረም። የድሮ እናት ዳማከሴ አሽታ ስታበቃ ልጇን አስተኝታ ነው ጋቢ የምታለብሰው። ሩጥ አትለውም።

ስለ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ለሯጭ የተለየ ወሬ አለ። ለተራው ሰው በየቀኑ ቫይታሚን ሲ መውሰዱ የጉንፋኑን ቁጥር አይቀንስለትም። በማራቶን ሯጮች፣ በበረዶ ተንሸራታቾችና በብርድ አገር ከባድ ልምምድ በሚያደርጉ ወታደሮች ላይ በተደረጉ 5 ጥናቶች ግን፣ በአጠቃላይ 598 ሰዎች ተሳትፈው፣ የመያዝ ዕድሉ በግማሽ ቀንሷል። ጉንፋኑ ከያዘ በኋላ መጀመር ግን ይህን ያህል አልጠቀመም። ለዚህ ሲባል ውድ ጠርሙስ መግዛት ግድ አይደለም። ቃሪያ፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ ፓፓያና ሎሚ በቡራዩም በሰበታም ገበያ አሉ። ከሽሮው ጎን አንድ ቃሪያ መጨመር ማንንም አያደኸይም።

ከፍራፍሬውም በላይ የሚያስፈልገው የምግቡ መጠንና ሰዓት ነው። ባዶ ሆድ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰውነት የጭንቀት ሆርሞኑ ከፍ ይላል፤ መከላከያውም ይዳከማል። ከልምምድ በፊት በሶ መበጥበጥ፣ ከልምምድ በኋላ ቶሎ ትኩስ ነገር መብላት የአያት የቅድመ አያት ጥበብ ነው፤ ሳይንሱም ይስማማበታል። ክረምቱ ደግሞ የጾም ወራትም ነው። ሰኔ ላይ የሐዋርያት ጾም፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ አለ። መጾም አለመጾም የአትሌቱና የእምነቱ ጉዳይ ነው። የሚጾመው ልጅ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ተልባና ጎመን በበቂ ከበላ አይጎዳም። የሚጎዳው ንጋት ላይ 25 ኪሎ ሜትር ሮጦ እስከ 9 ሰዓት ድረስ አፉን ሳይፈታ ሲውል ነው። እንዲህ ለሚጾም ሯጭ ከባዱን ልምምድ ወደ ማታ ማዞር የሚያቅተው አሰልጣኝ ሊኖር አይገባም።

ግሉኮሱና መርፌው

ወደ ፋርማሲው ስንመለስ አደጋው የገንዘብ ኪሳራ ብቻ አይደለም። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ ማለትም ዋዳ፣ የሚከለክላቸው ነገሮች የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም አሉ። አፍንጫ የሚከፍተው ሱዶኤፌድሪን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ቀን በሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ያስቀጣል። ኤፌድሪንም እንደዚሁ ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ኮርቲዞን የመሰሉ መድኃኒቶችን በማንኛውም መንገድ በመርፌ መወጋት በውድድር ጊዜ ተከልክሏል።

ከሁሉ በላይ ግን ብዙ ሯጭ ያልሰማው የግሉኮሱ ጉዳይ ነው። አበሻ ሲደክመው ክሊኒክ ገብቶ «አንድ ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» ማለት ልማዱ ነው። በዋዳ ሕግ ግን በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በደም ሥር መውሰድ የተከለከለ ዘዴ ነው፤ የሚፈቀደው በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ጥገና ወይም በምርመራ ሂደት ከሆነ፣ አለበለዚያም አስቀድሞ ፈቃድ ከተወሰደ ነው። ፈሳሹ ተራ ስኳርና ውሃ መሆኑ ከቅጣት አያድንም። የዓለም አትሌቲክስ የበላይ አካል በ2016 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን በፀረ ዶፒንግ ሥራ አሳሳቢ ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ አድርጎ መጥራቱ አይረሳም። «አላወቅሁም» ማለት እንደማይሠራ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች በዋጋ ተምረዋል። ቫይታሚን ተብሎ በገበያ የሚዞር ጠርሙስም ውስጡ ያልተጻፈ ነገር ሊኖርበት ይችላል፤ ተጠያቂው ግን የሸጠው ሳይሆን የዋጠው ነው። ስለዚህ በጉንፋን የተያዘ አትሌት ክሊኒክ ሲገባ የመጀመሪያ ቃሉ «ዶክተር፣ እኔ አትሌት ነኝ» መሆን አለበት።

የአሰልጣኙ ደብተር

«የድሮዎቹ በዝናብ፣ በብርድ፣ በባዶ እግር ሮጠው ነው ጀግና የሆኑት» የሚል መልስ ከአሰልጣኞች ዘንድ ይመጣል። እውነት አለው፤ ችግር ያጠነክራል። ነገር ግን የሚታወሱት የደረሱት ናቸው። በሳልና በሳንባ ምች መንገድ ላይ የቀሩትን ማን ቆጠራቸው?

ማንም አሰልጣኝ ሊይዘው የሚችል ቀላል ደንብ አለ። ሕመሙ ከአንገት በላይ ከሆነ፣ ማለትም አፍንጫ መዝጋትና ማስነጠስ ብቻ ከሆነ፣ ቀለል ያለ ሶምሶማ ይፈቀዳል። ከአንገት በታች ከወረደ፣ ትኩሳት ካለ፣ ደረት ከተያዘ፣ ጡንቻ ከቆረጠመ፣ ሩጫ ክልክል ነው። በትኩሳት መሮጥ የልብን ጡንቻ ሊያስቆጣ ይችላልና። እንዲህ ያለው ልጅ ሦስት ቀን ቢያርፍ የሚያጣው ሦስት ቀን ነው፤ ቢሮጥ ግን ወር ሊያጣ ይችላል። የሚስለውን በቡድኑ መሀል ማስሮጥም ሌሎቹን ማስያዝ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የክረምት ኦሊምፒክ ከፊንላንድ ልዑክ 44 አትሌቶች 20ዎቹ የጉንፋን ምልክት ታይቶባቸዋል። ሐኪምና ገንዘብ ሞልቶ በተረፈው ቡድን ይህ ከሆነ፣ በአንድ ኮዳ ውሃ የሚቀባበሉት የሱሉልታ ልጆች ምን ይሁኑ? ኮዳ አለመዋዋስና ከመብላት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ የኮሮና ጊዜ ትዝታ ሆነው መቅረት የለባቸውም።

ልጁ ግን ለምን ሕመሙን ይደብቃል? ከቀረ ቦታውን ሌላ ይይዝበታል። ከቡድኑ ወጣ ማለት ከማናጀር ዓይን ወጣ ማለት ነው። እንደ መቻል፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ኢትዮ ኤሌክትሪክ ባሉ ክለቦች የታቀፈ ሯጭ ደመወዝ አለው፤ ገና ክለብ ያላገኘው ግን ጤናውን በራሱ ኪስ ነው የሚጠብቀው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ ብዙ ነገር ተለውጧል። የሯጩ ክፍል ግን ያው አንድ በር፣ አንድ መስኮት ነው።

ከሯጭ ሽልማት ድርሻ የሚወስድ ማናጀር፣ ሜዳሊያ ሲመጣ አበባ ይዞ ቦሌ የሚቀበል ባለሥልጣን፣ ስሙን በማሊያው ላይ የሚያጽፍ ድርጅት ሁሉ እዚህ ላይ የሚያዋጣው ነገር አለ። የሚጠየቀው ሆስፒታል አይደለም። በልምምድ ቦታ ልብስ የሚቀየርባት ጣሪያ ያላት ክፍል፣ ሳሙናና ውሃ፣ ሁለተኛ ጫማ፣ ከልምምድ በኋላ አንድ ሳህን ትኩስ ምግብ፣ ለታመመ ልጅ ደግሞ «ቦታህ ይጠበቅልሃል» የሚል ቃል ነው። አንድ ወጣት ለውጭ ውድድር ለመላክ ለቪዛና ለአውሮፕላን ቲኬት ከሚወጣው ወጪ ጋር ሲተያይ ይህ ከቁጥር አይገባም።

ዝናቡ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይመጣል፤ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ልምምዱም በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ይከብዳል። ቀኑን አስቀድሞ በሚያሳውቅ ተቀናቃኝ ሳይዘጋጁ መሸነፍ ደግሞ በስፖርት ዓለም ሰበብ የለውም። ነገ ጠዋት አንዱ ልጅ «ኮች፣ ጉንፋን ይዞኛል» ሲል «እንግዲያው ሂድ ተኛ፤ ሲሻልህ ትመጣለህ» የሚል አሰልጣኝ ቢያገኝ፣ ለክረምቱ ከዚህ የበለጠ መድኃኒት የለም።